በኤጲስ ቆጶስ ስም፣ በምእመን ትከሻ

ከጽዋ አፍ ላይ ወይን የሚጠረግባት ትንሽ ነጭ የተልባ እግር ጨርቅ አለች። መሐሏ ላይ መስቀል ተጠልፎባታል። በአሜሪካ የኤፒስኮፓል ቤተ ክርስቲያን እሑድ ጠዋት ሕዝቡ ሲቆርብ ጽዋው ከአንዱ ወደ ሌላው ያልፋል፤ አንዱ በቀመሰ ቁጥር አፉ በዚህች ጨርቅ ይጠረጋል። ቅዳሴው ሲያበቃ ጨርቋ ወይን ጠጥታ፣ ብዙ ጊዜም የከንፈር ቀለም ይዛ ትገኛለች። ምእመናኑ ሲወጡ አንዲት ሴት ጨርቆቹን ሰብስባ ወደ ኋላ ትቀራለች። መጀመሪያ በንጹሕ ውኃ ትነክራቸዋለች። ያ ውኃ የተቀደሰውን ወይን የነካ ስለሆነ ከሌላ ፍሳሽ ጋር አይደባለቅም፤ ቱቦው በቀጥታ ወደ አፈር በሚወርድ ልዩ ገንዳ ይፈሳል። ገንዳው የሌለው ደብር በግቢው አፈር ላይ ያፈሰዋል። ከዚያ ጨርቆቹ ይታጠባሉ፣ እርጥበታቸው ሳይለቅ ይተኮሳሉ፣ በቁመትም በወርድም ሦስት ቦታ ታጥፈው መስቀሉ ከላይ ይወጣል። ለዚህ ሁሉ ድካም የሚከፈላት ገንዘብ የለም።

ይህችን ሴት የመሳሰሉት በጎ ፈቃደኞች የመሠዊያ ማኅበር ይባላሉ። የሚያገለግሉት እኛ ሰሞነኛ እንደምንለው በተራ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ተረኞቹ መጥተው ጽዋውንና ጻሕሉን ይወለውላሉ፣ ኅብስቱን ይቆጥራሉ፣ ወይኑን ይቀዳሉ፣ አበባውን ያሰናዳሉ። የመሠዊያውን ልብስ እንደ ወቅቱ ይለውጣሉ፤ በዐቢይ ጾም ሐምራዊ፣ በፋሲካ ነጭ፣ በጰራቅሊጦስ ቀይ። በእኛ ቤተ ክርስቲያን ንዋየ ቅድሳትን የሚነኩት ካህናትና ዲያቆናት ብቻ ስለሆኑ ነገሩ ለአማርኛ አንባቢ እንግዳ ይመስላል። በዚያ ግን ሥራው የምእመናን፣ አብዛኛውንም ጊዜ የሴቶች ነው፤ ከእናት ወደ ልጅ ሲተላለፍ የኖረበት ደብርም ጥቂት አይደለም።

ኤፒስኮፓል የሚለው ስም ለጆሯችን ሩቅ አይደለም። እኛ ኤጲስ ቆጶስ ያልነው የግሪክ ቃል ነው፤ ጠባቂ፣ ተመልካች ማለት ነው። ቤተ ክርስቲያኒቱ ከእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን የተገኘች፣ በዓለም ዙሪያ ያለው የአንግሊካን ኅብረት አባል ናት፤ ጳጳሳት፣ ቀሳውስትና ዲያቆናት አሏት። ስሟን ከጳጳስ ትውሰድ እንጂ ታሪኳን የተሸከመው ምእመኑ ነው። ምክንያቱ ከአመሠራረቷ ይጀምራል።

እንግሊዞች በ1607 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ቨርጂኒያ ውስጥ ጄምስታውን ላይ ሲሰፍሩ የጸሎት መጽሐፋቸውን ይዘው ነበር። ከዚያ በኋላ ከመቶ ሰባ ዓመት በላይ ግን በቅኝ ግዛቶቹ የተቀመጠ አንድም ጳጳስ አልነበረም። ቅስና የፈለገ ወጣት አትላንቲክን ተሻግሮ እንግሊዝ መሄድ ነበረበት፤ በባሕርና በፈንጣጣ የቀሩም ነበሩ። ቄስ ያልደረሰበት ሰፈር ብዙ ስለነበር ከመጽሐፉ ጸሎቱን የሚያነብ ምእመን ይቆም ነበር። ደብሩን የሚያስተዳድረውም ቬስትሪ የሚባለው የምእመናን ጉባኤ ነበር። በቨርጂኒያ ቬስትሪው የደብሩን ግብር ይሰበስብ፣ ቄሱን ይቀጥር፣ ድሆችንና ወላጅ አልባ ልጆችን ይረዳ ነበር። ጆርጅ ዋሽንግተንም የትሩሮ ደብር ቬስትሪ አባል ነበር። ሰዎቹ በአብዛኛው ባለርስትና ባሪያ አሳዳሪ ስለነበሩ ያን ዘመን አሳምሮ መናገር አይቻልም። ልማዱ ግን ሥር ሰደደ፤ ደብር የምእመኑ ኃላፊነት ሆነ።

ነፃነት ሲመጣ ሁለት ነገር ተለወጠ። በአንድ በኩል የመንግሥቱ ድጋፍና የደብር ግብር ቀረ፤ ከዚያ በኋላ ቤተ ክርስቲያኒቱ የምትኖረው ሰው ወዶ በሚሰጠው ገንዘብና ጉልበት ብቻ ሆነ። በሌላ በኩል ጳጳስ አገኘች። ለንደን ለንጉሡ ታማኝነት ሳይማሉ ጵጵስና ስለማይሰጥ ሳሙኤል ሲበሪ በ1784 ስኮትላንድ፣ አበርዲን ላይ ተሾመ። በ1789 ፊላደልፊያ ላይ ሕገ ቤተ ክርስቲያኑ ሲጸድቅም ምእመኑ ቦታውን አልለቀቀም። እስከ ዛሬ ጠቅላላ ጉባኤው ሁለት ምክር ቤት አለው፤ አንዱ የጳጳሳት ነው፣ ሁለተኛው ከየሀገረ ስብከቱ የሚመረጡ ቀሳውስትና ምእመናን በእኩል ቁጥር የሚቀመጡበት ነው። ሁለቱ ካልተስማሙ ሕግ አይወጣም።

ዛሬ ቬስትሪውን ለመረዳት ሰበካ ጉባኤን የሚያውቅ ሰው ብዙ አይቸገርም። ስሙ የመጣው ጉባኤው ድሮ ከሚሰበሰብበት፣ ልብሰ ተክህኖ ከሚቀመጥበት ክፍል ነው። አባላቱ በደብሩ ዓመታዊ ስብሰባ ይመረጣሉ፤ በብዙ ደብር የአገልግሎት ዘመናቸው ሦስት ዓመት ሆኖ በየዓመቱ ሢሶው ይቀየራል፤ አሮጌው አዲሱን እያስተማረ ይወጣል ማለት ነው። ከመካከላቸው ሁለት አለቆች አሉ። የመጀመሪያው ከደብሩ አስተዳዳሪ ቄስ ጋር አብሮ ይመክራል፤ ቄሱ ሲለቅ ደብሩን ይዞ የሚቆየው እሱ ነው። ሁለተኛው በብዙ ቦታ የሕንፃው ኃላፊ ነው። ጣሪያው ሲያፈስ፣ ማሞቂያው በጥር ብርድ ሲቆም፣ በረዶ ደጁን ሲዘጋ ስልኩ የሚጮኸው የእሱ ነው። ሰውየው ቀን መምህር ወይም የሒሳብ ሠራተኛ ሊሆን ይችላል፤ ማታ መሰላል ላይ ይወጣል።

አንድ ደብር አስተዳዳሪ ቄስ ሲለቅበት ጳጳሱ ሌላውን በደብዳቤ መድቦ አይልክም። ምእመናኑ ኮሚቴ ያቋቁማሉ፣ የደብራቸውን ማንነትና የሚፈልጉትን አገልጋይ በጽሑፍ ያስቀምጣሉ፣ እጩዎችን ያነጋግራሉ፣ በመጨረሻ ቬስትሪው ይመርጣል፤ ጳጳሱ ያጣራል። ይህ ብዙ ወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ይፈጃል። በዚያ ሁሉ ጊዜ የሕፃናቱ ትምህርት፣ የታመመውን መጠየቁ፣ የሒሳቡ መዝገብ አይቋረጥም፤ ቀድሞም በምእመኑ እጅ ነበርና።

የእሑዱ አገልግሎትም እንዲሁ ተከፋፍሏል። በር ላይ ቆሞ የጸሎት ሥርዓቱን ወረቀት እያደለ እንግዳውን የሚያስቀምጥ አጋፋሪ አለ። ብሉይ ኪዳንንና መልእክታትን የሚያነብ ምእመን አለ። መስቀልና መብራት ይዘው የሚቀድሙ ልጆች፣ ሐሙስ ማታ ተለማምደው የሚመጡ መዘምራን፣ ጽዋውን ከቄሱ አጠገብ ቆመው የሚያቀብሉ ምእመናን አሉ። ቅዳሴው እንዳለቀ ከቅዱስ ቁርባኑ ተቀብለው በትንሽ ሣጥን ይዘው ወደ በሽተኛ ቤት የሚሄዱም አሉ። አልጋ የያዘች ባልቴት ከጉባኤው እንዳልተቆረጠች የምታውቀው ያ ሣጥን በሯ ላይ ሲደርስ ነው።

ከዚያ ቡናው ይመጣል። እኛ ከቅዳሴ በኋላ ጠበል ጻዲቅ እንደምንቀምስ እነሱም ወደ አዳራሹ ወርደው ቡና ይጠጣሉ፤ ሰዓቱም የቡና ሰዓት ይባላል። ትልቁ የኤሌክትሪክ ማፍያ ጥግ ላይ ይንተከተካል፤ የተራው ቤተሰብ ከቤቱ ኬክና አይብ ይዞ መጥቷል፤ ሰው ስሙን ደረቱ ላይ ለጥፏል። አዲስ የመጣ ሰው የደብሩን ጠባይ የሚያውቀው እዚህ ነው። ስብከቱን ሰምቶ ዝም ብሎ ሊሄድ የነበረ ሰው ስኒ ይዞ ሲቆም አንዱ ቀርቦ ከየት እንደመጣ ይጠይቀዋል። በሦስተኛው ወይም በአራተኛው እሑድ ጠረጴዛ እንዲያጥፍ ይለመናል፤ ከዚያ በኋላ እንግዳ መሆኑ ይቀራል። ቅበላን የሚያውቅ አንባቢ ደግሞ በአንድ ሌላ ልማድ ይደሰታል። ዐቢይ ጾም ሊገባ ሲል፣ በማክሰኞ ማታ፣ በየደብሩ አዳራሽ ፓንኬክ ይጋገራል። የጥንቱ ምክንያት ከጾም በፊት በቤት ያለውን እንቁላል፣ ወተትና ቅቤ መጨረስ ነው። ሽርጥ ታጥቀው ምድጃው ላይ የሚቆሙት ብዙ ጊዜ ወንዶቹ ናቸው።

በእድር ውስጥ ላደገ ሰው ግን የዚህች ቤተ ክርስቲያን ታሪክ ከሁሉ በላይ የሚቀርበው ፊላደልፊያ ላይ ነው። አብሳሎም ጆንስ በ1746 በደላዌር በባርነት ተወለደ። ገንዘብ አጠራቅሞ መጀመሪያ የሚስቱን ነፃነት ገዛ፤ የራሱን ያገኘው በ1784 ነው። በ1787 ከሪቻርድ አለን ጋር ነፃ የአፍሪካውያን ማኅበርን አቋቋመ። አባላቱ በወር አንድ ሽልንግ ያዋጡ ነበር፤ መዋጮው ለችግረኛው አባል፣ ለባልቴቷና አባት ለሞተበት ልጅ ይውል ነበር። በ1793 ቢጫ ወባ ከተማዋን ሲፈጅ፣ አቅም ያለው ሁሉ ሲሸሽ፣ ጥቁሮች በሽታው አይዛቸውም የሚል የተሳሳተ ወሬ ነበርና እንዲያስታምሙ ተጠየቁ። ጆንስና አለን ወገኖቻቸውን አሰልፈው ሕሙማንን አስታመሙ፣ አስከሬን አነሡ፣ ቀበሩ፤ ከእነሱም ብዙዎች ሞቱ። ወረርሽኙ ካለፈ በኋላ ዘርፈዋል የሚል ክስ በጽሑፍ ሲወጣባቸው ሁለቱ ያወጡትንና ያገኙትን ገንዘብ ዘርዝረው በ1794 በመጽሐፍ መልስ ሰጡ። በዚያው ዓመት ከማኅበሩ የወጣው ምእመን የቅዱስ ቶማስ አፍሪካዊ ኤፒስኮፓል ቤተ ክርስቲያንን ከፈተ። ጆንስ በመጀመሪያ ጸሎት አንባቢ ምእመን ሆኖ አገለገለ፤ በ1795 ዲያቆን፣ በኋላም በቤተ ክርስቲያኒቱ የመጀመሪያው ጥቁር ቄስ ሆነ። ደብሩ ግን ለአሥርት ዓመታት በሀገረ ስብከቱ ጉባኤ መቀመጫ ተከልክሎ ቆይቷል። ለከተማው ሬሳ የተሸከመ ሕዝብ ድምፅ መነፈጉ የዚህች ቤተ ክርስቲያን ትልቅ ዕዳ ነው።

ሴቶቹም ተመሳሳይ መንገድ አልፈዋል። በ1889 የሴቶች ረዳት ማኅበር፣ ጁሊያ ቼስተር ኤመሪ በምትመራበት ዘመን፣ የምስጋና መዋጮ ጀመረ። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ በቤት አንዲት ሰማያዊ ሣጥን ትቀመጣለች፣ ሰው ስለ አንድ ነገር ፈጣሪውን ባመሰገነ ቁጥር ሳንቲም ይጥልባታል። የመጀመሪያው ስብስብ በአላስካ አንቪክ ቤተ ክርስቲያን ለመሥራት ረድቷል፤ መዋጮው ዛሬም አለ። እንዲህ ቤተ ክርስቲያን ያሠሩ ሴቶች በጠቅላላው ጉባኤ ተወካይ ሆነው የተቀመጡት ግን በ1970 ነው፤ ቅስና በሕግ የተፈቀደላቸው በ1976 ነው።

ከግቢው ውጭ ያለውን አገልግሎት ለማየት ኒውዮርክ፣ ዘጠነኛው ጎዳና ወደሚገኘው የቅዱሳን ሐዋርያት ደብር መሄድ ይበቃል። ጥቂት ምእመናን የነበሩት ይህ ደብር በ1982 የምገባ አገልግሎት ጀመረ፤ በመጀመሪያው ቀን የበሉት 35 ነበሩ። በ1990 እሳት ሕንፃውን ጎዳው። ጥገናው በ1994 ሲያልቅ የድሮዎቹን ረጃጅም አግዳሚዎች ወደ ቦታቸው አልመለሱም። ቦታው ባዶ ስለሆነ በሥራ ቀን ክብ ጠረጴዛዎች እየተዘረጉ ችግረኞች ለዓመታት በመሠዊያው ፊት፣ በባለቀለም መስኮቶቹ ብርሃን በልተዋል። በአንድ ቀን ወደ ሺህ የሚጠጉ ሰዎች የበሉባቸው ዓመታት አሉ። ወጥ የሚጨልፈውና ጠረጴዛ የሚወለውለው በጎ ፈቃደኛ ብዙ ጊዜ የደብሩ አባል እንኳ አይደለም፤ አይሁዳዊ፣ ሙስሊም፣ የማያምንም ይመጣል።

ይህ እጅ ለእኛም ሰው ደርሷል። የቤተ ክርስቲያኒቱ የስደተኞች አገልግሎት ለአሥርት ዓመታት ስደተኞችን ሲያቋቁም ከኢትዮጵያና ከኤርትራ የመጡትም ነበሩባቸው። አውሮፕላን ማረፊያ ስም የተጻፈበት ወረቀት ይዞ መቆም፣ ባዶ ቤት ውስጥ አልጋና ድስት ማስገባት፣ ለመጀመሪያዋ ማታ የመጪውን ባህል የጠበቀ ምግብ ማዘጋጀት፣ ልጁን ትምህርት ቤት ማስመዝገብ፤ ይህን በየከተማው የሠራው በአብዛኛው የደብር ፈቃደኛ ነው።

ዛሬ የምእመኑ ቁጥር እየሳሳ ነው። በ1960ዎቹ ከ3 ሚሊዮን በላይ አባላት የነበሯት ቤተ ክርስቲያን ወደ 1.5 ሚሊዮን ወርዳለች፤ ፀጉራቸው የሸበተ አባላት ይበዛሉ፣ ቄስ ሙሉ ጊዜ ለመቅጠር የማይችል ደብርም ብዙ ነው። እዚህ ላይ የጥንቱ ልማድ ተመልሶ መጥቷል። የጸሎት መጽሐፉ ምእመን የጠዋት ጸሎት እንዲመራ ይፈቅዳል። ስለዚህ ቄስ በማይመጣበት እሑድ አንድ ጡረተኛ ቀድሞ ደርሶ በሩን ይከፍታል፣ ማሞቂያውን ያበራል፣ መጽሐፉን ገልጦ በአሥራ አምስት ሰው ፊት ይቆማል። የጄምስታውን ሰፋሪዎች ልጆች ቄስ ባጡ ጊዜ ያደረጉት፣ አብሳሎም ጆንስም ሳይቀስስ የጀመረበት ያው ሥራ ነው። ጸሎቱ ሲያልቅ ሰውየው መጽሐፉን አጥፎ ወደ አዳራሹ ይወርዳል፤ ቡናውን የማፍላት ተራውም የእሱ ነው።