ያውቁ ኖሯል? የጨጓራ ቀለበት የሚሠራው ምግብ በመዝጋት አይደለም

ክብደት ለመቀነስ በጨጓራ አናት ዙሪያ የሚታሰረው የሲሊኮን ቀለበት ጨጓራን አይቆርጥም፣ የአንጀትንም መንገድ አይቀይርም። ከቆዳ ሥር ከተቀበረች ትንሽ መቀበያ ጋር በቀጭን ቱቦ ስለሚገናኝ፣ ሐኪሙ በመርፌ ጨዋማ ውሃ ሲጨምርበት ይጠብቃል፣ ሲቀንስለት ይላላል። ብዙዎች የምግብ መዝጊያ አድርገው ያስቡታል፤ ዋና ሥራው ግን ሰው በጥቂት ጉርሻ እንዲጠግብ ማድረግ ነው። “ታዲያ ምግብ መቀነስ ብቻውን አይበቃም ወይ?” ለሚል፣ በአውስትራሊያ 60 ከልክ በላይ ክብደት ያላቸው የስኳር ሕሙማን የተሳተፉበትና በ2008 እ.ኤ.አ. የታተመው ጥናት መልስ አለው። ከሁለት ዓመት በኋላ ቀለበት የገባላቸው በአማካይ ከክብደታቸው 20 በመቶ ያህል ሲቀንሱ፣ በተለመደው ሕክምናና የአኗኗር ምክር ብቻ የተረዱት 2 በመቶ እንኳ አልሞላላቸውም። የስኳር ሕመሙም ከፊተኞቹ 73 በመቶውን፣ ከኋለኞቹ 13 በመቶውን ለቀቃቸው።

እርግጥ ለስላሳ መጠጥና አይስክሬም ቀለበቱን በቀላሉ ያልፉታል። ቀለበቱ ሊንሸራተት ወይም የጨጓራን ግድግዳ ሊበላ ይችላል፤ ዳግም ቀዶ ሕክምና የሚያስፈልጋቸውም ጥቂት አይደሉም። ዛሬ ብዙ ሐኪሞች ጨጓራን ቆርጦ ማጥበብን የሚመርጡት ለዚህ ነው። ቀለበቱ ካስፈለገ ሊወጣ መቻሉ ትልቅ ብልጫው ነው፤ ለማስተካከያ እየተመላለሰ ሐኪም ማየት ለማይችል ሰው ግን አይሆንም።