«በቴስተር 5 ቮልት ነው» ለምትሉኝ ልጆች

ዛሬ ጠዋት አንድ የሦስተኛ ዓመት የኤሌክትሪካል ተማሪ የሞተ ላፕቶፕ ይዞ ሱቄ መጣ። «ጋሼ፣ ዩኤስቢ ስሰካበት ቷ ብሎ ጠፋ» አለኝ። ምን ሰክተህ ነው ስለው ከቦርሳው የፕላስቲክ ሳሙና ማስቀመጫ አወጣ። ውስጡ አንድ ካፓሲተር፣ አራት ዳዮድ፣ አንድ ዜነር አለ። ትራንስፎርመር የለም። ቪዲዮ አይቶ ነው የሠራው። አርዱዪኖውን በዚህ እያስነሳ ኮድ ሊጭንበት ከላፕቶፑ ጋር አገናኘው።

መጀመሪያ እጁን ነው ያየሁት። እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነው።

«ግን ለክቼዋለሁ፣ 5 ቮልት ነው» ይላል። አልዋሸም፣ በፕላስና በማይነሱ መካከል 5 ቮልት ነው። የቴስተሩን አንድ ጫፍ ማይነሱ ላይ፣ ሌላውን የሶኬቱ ግራውንድ ላይ አድርጌ አሳየሁት፤ ጥቂት ቮልት። ስፒናውን ነቅዬ፣ ገልብጬ ሰካሁት፤ 220! ልጁ ዝም አለ።

ባለሁለት እግሩ ስፒና በፈለጋችሁት በኩል ይገባል። ካፓሲተሩ ያለው በአንዱ ሽቦ ላይ ብቻ ነው፤ ሌላው ሽቦ በዳዮድ አልፎ በቀጥታ ማይነሱ ጋ ይደርሳል፣ መንገድ ላይ የሚይዘው ነገር የለም። ስለዚህ ያ «5 ቮልት» ዛሬ ኒውትራል ላይ፣ ነገ ፌዝ ላይ ተቀምጧል። ላፕቶፑ ደግሞ በባለሦስት እግር ቻርጀሩ ከግራውንድ ጋር ተያይዟል። ፌዙ በዩኤስቢው ገብቶ መውጫ አገኘ። ይህ አሠራር ማንም የማይነካው የታሸገ አምፖል ውስጥ ይገኛል፤ እጅ የሚነካው ሰሌዳ ላይ ግን ሰው ይገድላል። «ትራንስፎርመር ብር ማባከን ነው» እያላችሁ ቪዲዮ የምትለቁ ሰዎች፣ እባካችሁ አጥፉት።

ትክክለኛው ይሄ ነው፦

1. ፊውዝ፣ ከዚያ ከ220 ወደ 9 ቮልት የሚያወርድ ትራንስፎርመር። ትልቁ ጥቅሙ ማውረዱ አይደለም። ሁለቱ ጥቅሎች አይነካኩም፤ ኃይሉ በማግኔት ብቻ ይሻገራል።

2. ብሪጅና 2200 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር። 9ኙ ከዳዮዶቹ በኋላ 11 አካባቢ ይሆናል፣ ጭነት ከሌለው ከዚያም ይበልጣል፤ ካፓሲተሩ ባለ25 ቮልት ይሁን።

3. 7805። ግማሽ አምፔር ከሳባችሁበት 3 ዋት ያህል ሙቀት ነው፣ ያለ ሂትሲንክ አይሆንም... ደግሞ ለብዙዎቻችሁ ይሄ ሁሉ አያስፈልግም፤ ደህና የስልክ ቻርጀር 5 ቮልት ይሰጣል፣ ከመስመሩም የተለየ ነው።

የሚያናድደኝ ልጁ አይደለም። የብሪጅ ሞገድ ፈተና ላይ ሥሎ ጥሩ ውጤት አምጥቷል። በሦስት ዓመት ውስጥ ግን ትራንስፎርመር በእጁ ይዞ አያውቅም! የላቦራቶሪው ዕቃ «ይበላሻል» ተብሎ ተቆልፎበታል። ዕቃው እንዳይበላሽ ልጆቹ ቤታቸው በ220 ይለማመዱ?

የሳሙና ማስቀመጫውን አልመለስኩለትም። ከአሮጌ ሬዲዮ የነቀልኩትን ባለ9 ቮልት ትራንስፎርመር አስቀምጬለታለሁ፤ ነገ ከሰዓት መጥቶ እዚሁ እኔ ፊት ይሠራዋል።