የሚስት ደመወዝ ሲጨመር ድጎማው ለምን ይቀንሳል?

አሜሪካ ዘመድ ያላቸው ብዙ ቤተሰቦች «ባልየው ሌት ተቀን ይለፋል፤ ሚስቲቱ ለምን ሥራ አትገባም?» ሲሉ ይሰማሉ። ምክንያቱ አንዳንዴ የሚገኘው በግብር ስሌቱ ውስጥ ነው።

የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት እ.ኤ.አ. ከ1975 ጀምሮ ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ሠራተኞች «ኧርንድ ኢንካም ታክስ ክሬዲት» የተባለ ድጎማ ይሰጣል። ድጎማው ከሚፈለገው ግብር ላይ ይቀነሳል፤ ከግብሩ ከበለጠም ልዩነቱ ለሠራተኛው ተመላሽ ይደረጋል። ሠርቶ ገቢ ያላገኘ ግን አይሰጠውም።

በ2024 የግብር ዓመት ሁለት ልጆች ላሏቸው ባለትዳሮች ከሚያገኙት ከእያንዳንዱ ዶላር 40 ሳንቲም እየታሰበ ድጎማው እስከ 6 ሺህ 960 ዶላር ይደርስ ነበር። የጋራ ገቢያቸው 29 ሺህ 640 ዶላር ካለፈ በኋላ ግን በእያንዳንዱ ተጨማሪ ዶላር 21 ሳንቲም ያህል እየተቀነሰ 62 ሺህ 688 ዶላር ላይ ያበቃ ነበር።

ነገሩ የሚወሳሰበው እዚህ ላይ ነው። ገቢው የሚለካው ለየሰው ሳይሆን ተደምሮ ነው። ባል በዓመት 30 ሺህ ዶላር ያገኛል እንበል። ሚስት 15 ሺህ ዶላር የሚከፈልበት ሥራ ብትጀምር ከቤተሰቡ ድጎማ 3 ሺህ 159 ዶላር ገደማ ይቀነሳል። ለጡረታና ለአረጋውያን ሕክምና መዋጮ ደግሞ ከደመወዟ 7.65 በመቶ ይቆረጣል። የሕፃናት ማቆያ ክፍያ ሲጨመርበት ከድካሟ የሚተርፈው እጅግ ይሳሳል። ተጋቢዎቹ ግብራቸውን ለየብቻ እናሳውቅ ቢሉም በአብዛኛው ድጎማውን ጨርሶ ያጣሉ።

ናዳ ኢሳ እና ሂላሪ ሆይንስ የተባሉ የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዎች በ2004 ባሳተሙት ጥናት፣ ድጎማው በ1980ዎቹና በ90ዎቹ ሲሰፋ ያገቡ ሴቶች በሥራ ላይ የመሰማራት ምጣኔ ከአንድ በመቶ ነጥብ በላይ መቀነሱን አመልክተዋል። የባሎች ግን በጥቂቱ ጨምሯል። ልጆቿን ብቻዋን የምታሳድግ እናት ዘንድ ውጤቱ ተቃራኒ ነው፤ የባል ገቢ ስለማይደመርባት ያው ድጎማ ወደ ሥራ ይገፋታል።

በኢትዮጵያ የደመወዝ ግብር በእያንዳንዱ ተቀጣሪ ላይ ለየብቻ ስለሚሰላ የመምህርት ደመወዝ የባሏን የግብር ምጣኔ አይለውጥም።

በዚህ ዘጋቢ እይታ የአሜሪካዊቷ ሚስት ኪሳራ በዓመቱ ሒሳብ ብቻ አይለካም። በራሷ ሥራ የጡረታ መብት ለማግኘት በአጠቃላይ 10 ዓመት ያህል መዋጮ የተከፈለበት ሥራ ያስፈልጋታል፤ ቤት የዋለችበት ዘመን ደግሞ አይቆጠርላትም።