«አንቱ» እስኪባል

ንጉሡ ዙፋናቸው ላይ ተቀምጠዋል። ጀግናው ከፊታቸው ቆሟል። ጥግ ላይ ካለው ሣጥን ውስጥ ቁልፍ አለ፤ ንጉሡ ቁልፉን እንዲወስድ ሊነግሩት ነው። ይህችን አንዲት ዓረፍተ ነገር ለመጻፍ ሦስት ምሽት ፈጀብኝ። «ቁልፉን ውሰድ» ብዬ ጻፍኩ። ተጫዋቿ ሴት ብትሆንስ? «ውሰጂ» አልኩ። ከሁለቱም ለመሸሽ «ይውሰዱ» ስል ደግሞ ንጉሡ ገና ስሙን የማያውቁትን ወጣት መንገደኛ አንቱ አሉት። እንግሊዝኛ ለዚህ ሁሉ የሚበቃ አንድ ቃል አለው። አማርኛ ግን ማን ለማን እንደሚናገር ሳይነገረው ግሡን አይሰጥም።

ቀን ቀን የሒሳብ ሥራ እሠራለሁ፤ ማታ ማታ ጌም እሠራለሁ። የምሠራው ሮል ፕሌይንግ ጌም የሚባለውን፣ በእኛ አፍ የሚና ጨዋታ ልንለው የምንችለውን ዓይነት ነው። ብዙ አንባቢ ስሙን ሰምቶ ምንነቱን ሳያውቅ ይቀራልና ላስተዋውቀው።

ዕቃቃ የተጫወተ ሰው ግማሹን ያውቀዋል። «አንቺ እናት ሁኚ፤ እኔ እንግዳ ልሁን» ያለ ልጅ ሚና ይዟል። ችግሩ የሚመጣው አንዱ «ጅብ መጣ!» ሲል ሌላው «ገደልኩት» ያለ እንደሆነ ነው። ማን ይፈርዳል? ለዚህ ፍርድ ሥርዓት ያበጁለት ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ናቸው፤ ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ የተባለውን ጨዋታ በ1974 አሳተሙ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ከዚያ በፊት የጦርነት ጨዋታ ወዳጆች ጠረጴዛ ላይ ትናንሽ ምስሎች ደርድረው ሠራዊት ያዋጉ ነበር። አዲሱ ነገር ተጫዋቹ ሠራዊቱን ትቶ አንድ ሰው ብቻ መሆኑ ነው። ያ ሰው ስም አለው፤ ጉልበቱና ብልሃቱ በቁጥር ተጽፏል፤ ከአደጋ ከተረፈ በሚቀጥለው ሳምንት ያው ሰው ሆኖ፣ ጥቂት በርትቶ ይመለሳል። ከተጫዋቾቹ አንዱ ዳኛም ተራኪም ይሆናል፤ ጅቡ መሞት አለመሞቱን ዳይስ ይወስናል።

ኮምፒውተር ሲመጣ የዳኛውን ወንበር ወሰደ። በ1981 አሜሪካ ውስጥ አልቲማና ዊዛርድሪ የተባሉ ሁለት ጌሞች ወጡ፤ ሁለቱም ለጀማሪ ከባድ ነበሩ። ሁለቱንም ከወደዱት ሰዎች አንዱ ጃፓናዊው ዩጂ ሆሪ ነው። ማንም ሰው፣ ሕፃን ልጅም ጭምር፣ ሊጫወተው የሚችል የሚና ጨዋታ ለመሥራት ተነሣ። ድራጎን ኩዌስት የተባለው ጌሙ በግንቦት 1986 ፋሚኮም ለተባለው የቤት ጌም መጫወቻ ወጣ። እኔ ስለ ጌም አሠራር የማውቀውን አብዛኛውን የተማርኩት ከዚህ አንድ ጌም ነው።

የጌሙ ካሴት 64 ኪሎባይት ብቻ ነበረው። ዛሬ በስልካችን የምናነሣት አንዲት ፎቶ ከዚያ ብዙ እጥፍ ትበልጣለች። ቦታ ለመቆጠብ ሲሉ ካታካና ከተባለው የጃፓን ፊደል 20 ያህሉን ብቻ አስገቡ፤ የጭራቆቹና የአስማቶቹ ስሞች ከእነዚያ ፊደላት እንዲወጡ ተደረገ። ጀግናው ሁልጊዜ ፊቱን ወደ ተጫዋቹ አዙሮ ነው የሚሄደው፤ ጀርባውንና ጎኑን ለመሣል ቦታ አልነበረም። ስለዚህ ሰው ማናገር የፈለገ ተጫዋች በየትኛው አቅጣጫ እንደሆነ መምረጥ ነበረበት። ጨዋታውን አቋርጦ በሌላ ቀን ለመቀጠል ንጉሡ የ20 ፊደል ምሥጢር ቃል ይነግሩታል፤ ልጆች ወረቀት ላይ ይገለብጡታል። አንዲት ፊደል ከተሳሳተ ያ ሁሉ ድካም ጠፋ ማለት ነው።

ከቁጠባው ይበልጥ የማደንቀው ግን የመጀመሪያውን ክፍል ነው። ጀግናው በንጉሡ አዳራሽ ይጀምራል፤ በሩ ተቆልፏል። ቁልፉ እዚያው ሣጥን ውስጥ ነው። ሣጥን መክፈት፣ ሰው ማናገር፣ በር መክፈት፣ ደረጃ መውረድ፤ ለጉዞው የሚያስፈልገውን ሁሉ ተጫዋቹ ከዚያች ክፍል ሳይወጣ ይለምዳል። ማንም «አሁን ላስተምርህ» አላለውም። ከግቢው ሲወጣ ደግሞ ከውኃው ማዶ የጠላቱ ግንብ ይታየዋል። የጉዞው መጨረሻ ከመጀመሪያው እርምጃ ጀምሮ ዓይኑ ፊት ነው፤ የሚለየው ውኃ ብቻ ነው፤ ያንን ውኃ ለመሻገር ግን አገሩን ሁሉ መዞር አለበት። እንዲህ ያለ ካርታ የሣለ ሰው ስለ ናፍቆት ያውቃል እላለሁ።

ቁጥሮቹም እንዲሁ የታሰበባቸው ናቸው። ስላይም የምትባለው ደካማ ፍጥረት 3 የሕይወት ነጥብ አላት፤ ስትሸነፍ 1 የልምድ ነጥብ ትሰጣለች። ሁለተኛ ደረጃ ለመድረስ 7 ነጥብ ይበቃል። ሰባት ስላይም ያሸነፈ ጀማሪ ወዲያው መበርታቱን በዓይኑ ያያል። የመጨረሻው 30ኛ ደረጃ ደግሞ 65,535 ነጥብ ይጠይቃል፤ ይህም ሁለት ባይት ሊይዘው የሚችለው ትልቁ ቁጥር ነው። ጀግናው ቢሞት ጨዋታው አያልቅም፤ ገንዘቡን ግማሹን ያጣል፣ ያገኘው ልምድ ግን አይነካም፣ ንጉሡ ፊት እንደገና ይነሣል። ለእኔ የሆሪ ትልቁ ሥራ ይህ ርኅራኄ ነው። ተሸንፎ የተመለሰ ልጅ ከሄደበት ጊዜ ይልቅ በርትቶ ይመለሳል።

እኔ ስጀምር ይህንን አላስተዋልኩም ነበር። አርፒጂ ሜከር በተባለው መሥሪያ 12 ከተሞች ያሉት ዓለም ልሠራ ተነሣሁ። መሥሪያው ለውጊያ የሚሰጠው መነሻ ቀመር ቀላል ነው፦ የአጥቂው ኃይል በ4 ይባዛል፣ የተጠቂው መከላከያ በ2 ተባዝቶ ይቀነሳል። ጥቃቱ 20፣ መከላከያው 15 ቢሆን 80 ሲቀነስ 30፣ ጠላት 50 ነጥብ ያጣል። መከላከያውን 40 ካደረግሁት ግን 80 ሲቀነስ 80 ነው፤ ጀግናው ሌሊቱን ሙሉ ቢመታ ጠላቱን አይጎዳውም። የእኔ ሦስተኛ ከተማ ውስጥ የሆነው ይኸው ነው። የእህቴ ልጅ አንድ ሰዓት ሙሉ ከአንድ ሽፍታ ጋር ታገለና ትቶት ሄደ። ከ12ቱ ከተሞች 10ሩን ያን ሳምንት አጠፋኋቸው።

የቀሩት ሁለቱ ናቸው የአሁኑ ጨዋታዬ የሆኑት። ጀግናው ሲራራ ነጋዴ ነው፤ በቅሎ ጭኖ አሞሌ ጨው ይዞ ይጓዛል። አሞሌ ከአፋር በረሃ እየራቀ በሄደ ቁጥር ዋጋው ይጨምር ነበር፤ ስለዚህ ርቀቱ ራሱ የጨዋታው ሒሳብ ሆነልኝ። የንጉሡ ዓረፍተ ነገር ግን አሁንም አስቸገረኝ። መጀመሪያ ላይ ጨዋታው ተጫዋቹን ወንድ ወይም ሴት መሆኑን እንዲጠይቅ አደረግሁ፤ እያንዳንዱን ንግግር ሦስት ጊዜ ጻፍኩ፣ አንዱን ለ«አንተ»፣ አንዱን ለ«አንቺ»፣ አንዱን ለ«አንቱ»። ሥራው ሦስት እጥፍ ሆነ፤ ለወራት እንደ ሸክም ቆጠርኩት።

አንድ ማታ ግን ደረጃ የሚለውን ቁጥር ከስክሪኑ ላይ አነሣሁት። ነጋዴው ጀማሪ ሳለ የገበያው ሰው ሁሉ «አንተ» ይለዋል፤ በረኛው «ና» ይለዋል። ዕዳውን በወቅቱ የከፈለ፣ የተቸገረ መንገደኛ በበቅሎው ያሳፈረ እንደሆነ አንድ ቀን ያው በረኛ «ይግቡ» ይለዋል። ምንም ጥሩንባ አይነፋም፣ ምንም ቁጥር አይበራም። አማርኛ ተናጋሪ ግን ወዲያው ይሰማዋል፦ አንቱ የተባለ ሰው ሆኗል። ነጋዴዋ ሴት ከሆነችም እንዲሁ ነው። የሠፈሩ አሮጊት ብቻ እስከ መጨረሻው «ልጄ» ይሉታል። ይህን ስሠራ ቋንቋው እንቅፋቴ ነው ያልኩት ስሕተት እንደነበር ገባኝ። ሚና ማለት አንዱ ለሌላው ምኑ እንደሆነ ነው፤ አማርኛ ይህን በየግሡ ጫፍ ይዞታል።

የፊደሉ ጉዳይ ያነሰ ነው። ግዕዝ ፊደል ኮምፒውተሮች የዓለምን ፊደላት በሚለዩበት ዩኒኮድ በተባለው መዝገብ ውስጥ በ1999 ገብቷል፤ 33ቱ ፊደላት በ7 ሲባዙ 231 ናቸው፣ ዲቃሎቹ ሳይቆጠሩ። መጀመሪያ የሞከርኩት መሥሪያ ይዞት የመጣው ቅርጸ ፊደል አማርኛ ስላልነበረው ባዶ ሣጥን ደረደረልኝ፤ ሌላ ቅርጸ ፊደል ሳስገባበት ተስተካከለ።

ይህን ሥራ ለመጀመር ኩባንያ አያስፈልግም። በ2011 የወጣው ቱ ዘ ሙን፣ ጦርነት የሌለበትና ስለ አንድ ሊሞት ስለተቃረበ ሽማግሌ የሚተርክ ጌም፣ በዚያው በአርፒጂ ሜከር ነው የተሠራው። በ2016 ደግሞ ያውንዴ፣ ካሜሩን ያሉ ወጣቶች በአፍሪካ ተረቶች ላይ የተመሠረተ አውሪዮን የተባለ የሚና ጨዋታ አውጥተዋል። ጎዶ የተባለው መሥሪያ ክፍያ የለውም፤ ማንም አውርዶ ሊሠራበት ይችላል።

እንግዲህ መሞከር የምትፈልጉ ሁሉ፣ ከተማ አትሥሩ። አንዲት ክፍል ሥሩ፤ ሣጥን፣ ቁልፍ፣ የተቆለፈ በርና አንድ የሚናገር ሰው ይኑርባት። ንግግሩን በአማርኛ ጻፉት። ከዚያ ለቤታችሁ ልጅ ስጡትና ምንም ሳትናገሩ አጠገቡ ተቀመጡ። የት ላይ ግራ እንደተጋባ ጻፉ፤ በማግስቱ እሱን አስተካክሉ።