ያውቁ ኖሯል? «ትኩስ» እና «የቅርብ» አንድ አይደሉም

አዲስ አበባ ገበያ ላይ የሚሸጠው ሙዝ አብዛኛው ከአርባ ምንጭ አካባቢ ይመጣል። አረንጓዴ ሳለ ተቆርጦ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል፤ ቢጫ የሚሆነው ከተማ ገብቶ በማብሰያ መጋዘን ውስጥ ነው። ቲማቲምም ከመቂና ከባቱ ሲጫን ገና ጠንካራ ነው፤ መንገድ ላይና መደብ ላይ ይቀላል።

ቅጠላ ቅጠል ግን ጊዜ አይሰጥም። ጎመን፣ ቆስጣና ሰላጣ ከተቆረጡበት ሰዓት ጀምሮ ውኃና ቫይታሚን ሲ ያጣሉ፤ ሙቀት ሲጨመርበት ደግሞ ይብሳል። ቅርበት ከሁሉ በላይ የሚጠቅመው ለእነዚህ ነው። ይሁንና የቅርብ ሁሉ ንጹሕ አይደለም፤ ይህን ደጋግሞ መናገር ያስፈልጋል። በአቃቂ ወንዝ ዳር የሚለማ ጎመን ለከተማዋ ነዋሪ እጅግ ቅርብ ነው። ወንዙ ውስጥ ግን የፋብሪካና የመኖሪያ ቤት ፍሳሽ ይገባል፤ እንደ ክሮምየም ያሉ ከባድ ብረቶችም ተገኝተውበታል። ማጠብ ከላይ ያለውን ጀርም ይቀንሳል፤ ሥሩ የሳበውን ብረት ግን አያስለቅቅም።



ሲገዙ «መቼ ተቆረጠ? በምን ውኃ አደገ?» ብለው ይጠይቁ።