ስልኩ አልተጠለፈም

*#21# ስልክ መጠለፉን አያሳይም። ኮዱ ለኔትወርኩ የሚያቀርበው ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፦ ወደዚህ ቁጥር የሚመጣ ጥሪ ወደ ሌላ ቁጥር እንዲዞር ታዟል ወይስ አልታዘዘም? *#62#ም ያንኑ ይጠይቃል፤ የሚመለከተው ግን ስልኩ ሲዘጋ ወይም ኔትወርክ ሲያጣ የሚዞረውን ጥሪ ነው። ##002# ደግሞ የታዘዘውን ማዞር ሁሉ ይሰርዛል፤ ከዚያ የዘለለ ሥራ የለውም። እነዚህ ኮዶች ግን «መንግሥት እየሰማህ መሆኑን የምታውቅበት ዘዴ» እየተባሉ በቲክቶክና በቴሌግራም እንደ አዲስ ግኝት ይዞራሉ፤ በዞሩ ቁጥርም የጥገና ሱቆች በደነገጡ ሰዎች ይሞላሉ። ጥሪ የሚጠለፈው በቴሌኮሙ ማዕከል ውስጥ ነው። ቀፎው ይህን የሚያውቅበት መንገድ የለውም፤ የአውሮፓ የቴሌኮም ደረጃዎች እንኳ ጠለፋው ለሚጠለፈው ሰው እንዳይታወቅ በግልጽ ያዛሉ።

ለምርመራ ተጠርቶ የነበረ አንድ ደንበኛ ስልኩን ወደ ባለሙያ ያመጣው «ውስጡ ያስቀመጡትን ነገር አውጡልኝ» ብሎ ነበር። መርማሪው ከማን ጋር፣ በየትኛው ምሽት፣ ለስንት ደቂቃ እንዳወራ ዘርዝሮለታል። መተግበሪያዎቹ አንድ በአንድ ታዩ፣ የተሰጣቸው ፈቃድ ተፈተሸ፣ ምንም አልተገኘም። «ስልኩ ንጹሕ ነው» ሲባል አላመነም፤ የተሻለ ባለሙያ ፍለጋ ሄደ። ከተነገረው ዝርዝር ውስጥ እሱ የተናገረው አንድም ቃል እንዳልነበረበት ልብ አላለም።

የዚያ ዓይነቱ ዝርዝር ከቀፎው መውጣት አያስፈልገውም። አንድ ጥሪ ሲደረግ ደዋዩ፣ ተደዋዩ፣ ሰዓቱ፣ የቆየበት ጊዜ፣ ጥሪውን ያስተናገደው አንቴና፣ የሲም ካርዱ መለያና የቀፎው 15 አሃዝ ያለው መለያ ቁጥር በቴሌኮሙ መዝገብ ይሰፍራሉ። ይህ የስለላ መሣሪያ አይደለም፤ ሂሳብ የሚሠራበት መዝገብ ነው። ባለቤቱ ባይደውልም የበራ ስልክ የትኛው አካባቢ እንዳለ ለኔትወርኩ ያሳውቃል፤ ባያሳውቅ የሚመጣለት ጥሪ አያገኘውም። አንቴና በበዛበት እንደ መርካቶ ባለ ሰፈር ይህ በመቶዎች ሜትር ውስጥ ያለን ቦታ ይጠቁማል፤ በገጠር ስፋቱ ኪሎሜትሮች ይሆናል።

ከዚህ መዝገብ ለማምለጥ የሚደረገው ሙከራ አድካሚ ነው። በአሮጌ ቀፎ አዲስ ሲም የሚያስገባ ሰው የቀፎው ቁጥር ሁለቱን ሲሞች እንደሚያስተሳስር አያስብም። ሲሙንም ቀፎውንም የሚቀይረው ብልህ ደግሞ በአዲሱ ስልክ መጀመሪያ የሚደውለው ለእናቱ ነው። ስልኩን ፎርማት ማስደረግም በቴሌኮሙ ዘንድ ካለው መዝገብ አንዲት መስመር አይፍቅም።

«መዝገቡ ስም ከሌለው ምን ይጎዳል?» የሚለው ክርክርም የትም አያደርስም። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ አንድ ጥናት የ1.5 ሚሊዮን ሰዎችን የ15 ወር የስልክ እንቅስቃሴ ስማቸውን አስወግዶ መርምሮ ነበር፤ የአንድን ሰው ቦታና ሰዓት የሚያሳዩ 4 ነጥቦች ብቻ ከመቶ 95ቱን ከሌላው ለመለየት በቂ ሆነው ተገኙ። ኤድዋርድ ስኖውደን ካወጣቸው የአሜሪካ የስለላ ሰነዶች በዚያው ዓመት በጁን ወር መጀመሪያ የታተመው ስለ ንግግር ይዘት አልነበረም፤ የስልክ ኩባንያው ቬራይዞን የደንበኞቹን የጥሪ መዝገብ በየዕለቱ ለአሜሪካ የስለላ ድርጅት ለኤን.ኤስ.ኤ. እንዲያስረክብ የሚያዝ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ነበር። የሲ.አይ.ኤ. እና የኤን.ኤስ.ኤ. የቀድሞ ኃላፊ ማይክል ሄይደን በ2014 በአደባባይ ውይይት ላይ ሰው የሚገደለው በዚሁ ዓይነት መረጃ ላይ ተመሥርቶ እንደሆነ ሳይሸሽግ ተናግሯል። ንግግርን የሚያዳምጥ ጆሮ ያስፈልጋል፣ ቋንቋ ያስፈልጋል፣ ጊዜ ያስፈልጋል። መዝገብን ኮምፒውተር ያነበዋል።

በኢትዮጵያም ነገሩ እንግዳ አይደለም። የመብት ተሟጋቹ ሂዩማን ራይትስ ዎች እ.ኤ.አ. በ2014 ስለ ሀገሪቱ የቴሌኮም ክትትል ባወጣው ሪፖርት፣ የጸጥታ አካላት የደንበኞችን የጥሪ ዝርዝር ያለ ከልካይ እንደሚያገኙና ዝርዝሩ በምርመራ ጊዜ በተያዙ ሰዎች ፊት እንደሚቀርብ አስፍሯል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 26 የስልክና የኤሌክትሮኒክስ ግንኙነት እንዳይደፈር ይደነግጋል፤ ገደብ የሚጣለውም አስገዳጅ ሁኔታ ሲኖርና በሕግ ሲፈቀድ ብቻ ነው። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ደግሞ አገልግሎት ሰጪዎች የትራፊክ ዳታን ለአንድ ዓመት እንዲያቆዩ ያስገድዳል፤ ፍርድ ቤት ካላዘዘ በምስጢር እንዲይዙትም ያዛል። እዚህ ላይ ያለው ልዩነት ብዙ ጊዜ ይዘለላል። ጠለፋ በተጠረጠረ ሰው ላይ የሚጀመር ሥራ ነው፤ መዝገቡ ግን በማንም ላይ ጥርጣሬ ሳይኖር ስለ ሁሉም ሰው አስቀድሞ ተሰብስቦ ይቀመጣል።

ስልክ ውስጥ የሚገባ የስለላ ፕሮግራም የለም ማለት አይደለም። የቶሮንቶው የምርምር ተቋም ሲትዝን ላብ በውጭ ሀገር ያሉ ኢትዮጵያውያን ተቃዋሚዎችና ጋዜጠኞች በፊንፊሸርና በሃኪንግ ቲም የስለላ ምርቶች ዒላማ መደረጋቸውን እ.ኤ.አ. በ2013 እና በ2014 ይፋ አድርጓል። ይህ ግን ውድ ነው፤ ተመርጦ በተለየ ሰው ላይ የሚውል ነው። ከጎረቤቱ ጋር የተጣላ ሁሉ ተሰልሏል ማለት አይደለም።

ቴሌግራም ለብዙ ሰው መሸሸጊያ መስሎ ይታያል። ተራው የቴሌግራም ውይይት፣ ግሩፑም ሆነ ቻናሉ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ አልተመሠጠረም፤ ለመልእክት ያ ያለው «ምስጢራዊ ውይይት» በሚባለው ክፍል ብቻ ነው። መሥራቹ ፓቬል ዱሮቭ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2024 ፈረንሳይ ውስጥ ከተያዘ በኋላ፣ ኩባንያው ሕጋዊ ጥያቄ ሲቀርብለት የተጠቃሚዎችን ስልክ ቁጥርና የአይፒ አድራሻ እንደሚሰጥ አስታውቋል። ዋትስአፕ ከእ.ኤ.አ. 2016 ጀምሮ መልእክቱን ይመሠጥራል፤ ማን ለማን መቼ እንደላከ ግን በምስጠራው አይሸፈንም። ከታወቁት መካከል ለየት ያለው ሲግናል ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የአሜሪካ ዐቃቤ ሕግ መረጃ እንዲያስረክብ ሲያዘው ሊሰጥ የቻለው መለያው የተከፈተበትንና ለመጨረሻ ጊዜ የተገናኘበትን ቀን ብቻ ነበር፤ ሌላውን አላስቀመጠውም ነበርና።

ስለዚህ ክርክሩ መሆን ያለበት መዝገቡ ስንት ጊዜ እንደሚቀመጥ፣ ማን እንደሚከፍተውና በማን ፊርማ እንደሚከፈት ነው። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ሰው ስለ ራሱ የተያዘውን ዳታ እንዲጠይቅ መብት ይሰጣል፤ ተቆጣጣሪውም የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ይህን መብት ይዞ የሚመጣ ሰው ግን በጥገና ሱቅ ደጃፍ አይታይም፤ የሚታየው *#21# ደውሎ የደነገጠው ነው።