የሞተር ሳይክል እንክብካቤ ለክትባት ሥራ መሳካት

በሰሜን ሸዋ በመንዝ ውስጥ በሚገኝ አንድ የደጋ ቀበሌ ገበሬዎች ከማለዳው ጀምሮ በጎቻቸውን ወደ ክትባቱ ቦታ ሲነዱ አረፈዱ። ጤዛው ሳይረግፍ ሜዳው በበግ ተሞልቶ ነበር። ይሁን እንጂ መድኃኒቱን ይዞ ከወረዳ የተነሣው የእንስሳት ጤና ባለሙያ በቀጠሮው ሰዓት አልደረሰም። ወደ ስድስት ሰዓት ገደማ ሞተር ሳይክሉን እየገፋ ከአቀበቱ ሥር ብቅ አለ። የበረዶ ሣጥኑ ከኋላ እንደ ታሰረ ነበር፤ በረዶው ግን ቀልጦ አልቋል።

«አባቴ፣ መድኃኒቱ ሞቋል። ይህን ብወጋቸው ውኃ እንደ መውጋት ነው» ሲል ለሊቀመንበሩ ነገራቸው።

ሊቀመንበሩም ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ «ልጄ፣ እኛስ ሌላ ቀን እንመለሳለን። በሽታው ግን ቀጠሮ ያከብርልናል ወይ?» ብለው ጠየቁት።

ሞተር ሳይክሉን ያቆመው ትልቅ ብልሽት አልነበረም። የአየር ማጣሪያው በአቧራ ታፍኗል፤ ካንዴላውም በጥላሸት ተሸፍኗል። ሁለቱም ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ውስጥ የሚጸዱ ናቸው። ባለሙያው ግን የካንዴላ መፍቻ አልያዘም ነበር።

በዚያ ቀን ሊሰጥ የነበረው ክትባት ደስታ መሰል የተባለውን የበግና የፍየል በሽታ የሚከላከል ነው። የበሽታው መንሥኤ በ1880 ዓ.ም. ገደማ በምፅዋ በኩል ገብቶ የአገሪቱን የቀንድ ከብት ከፈጀውና ለክፉ ቀን ረሃብ ምክንያት ከሆነው ከደስታ በሽታ ጋር የቅርብ ዝምድና አለው። የከብቱ ደስታ በሽታ በክትባት አማካይነት ከዓለም መጥፋቱ በ2003 ዓ.ም. ታውጇል። የበጉንና የፍየሉንም እስከ 2022 ዓ.ም. ለማጥፋት በ2007 ዓ.ም. ዓለም አቀፍ ዕቅድ ወጥቷል። ይሁን እንጂ ክትባቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ በሚደርስ ቅዝቃዜ ተጠብቆ ከገበሬው ደጃፍ ካልደረሰ ዕቅዱ በወረቀት ላይ ይቀራል። ይህን መንገድ በአብዛኛው የሚያቋርጠው ደግሞ ሞተር ሳይክል ነው።

ሞተሩ ምን ዓይነት ነው?

በአገራችን የእርሻ ጽሕፈት ቤቶች ለረጅም ዘመን ካገለገሉት መካከል ያማሃ ኤጂ 100 የተባለው ይገኝበታል። ይህ ሞተር ሳይክል ለእርሻ ሥራ ታስቦ የተሠራ ሲሆን፣ የፊትና የኋላ ዕቃ መጫኛ አለው፤ ሰንሰለቱም ከአቧራና ከጭቃ እንዲጠበቅ በሽፋን ውስጥ ተዘግቷል። ሞተሩ 97 ሲሲ፣ በአየር የሚቀዘቅዝና ባለ ሁለት ስትሮክ ነው።

የባለ ሁለት ስትሮክ ሞተር ጠባዩ የፒስተኑ ዘይት ከቤንዚኑ ጋር አብሮ መቃጠሉ ነው። ስለዚህ ሁለት ዓይነት ዘይት እንደሚያስፈልገው መዘንጋት የለበትም። አንደኛው በልዩ ታንኳ ውስጥ የሚጨመረውና ከቤንዚኑ ጋር የሚቃጠለው የባለ ሁለት ስትሮክ ዘይት ነው። ሁለተኛው በማርሹ ቤት ውስጥ የሚቀመጠውና በየጊዜው የሚለወጠው ነው። ሁለቱን ማቀያየር፣ ወይም ከመኪና የወጣ አሮጌ ዘይትን በሚቃጠለው ዘይት ምትክ መጨመር ሞተሩን ለሞት ይዳርጋል። የሚቃጠለው ዘይት ካለቀ ፒስተኑ ግሎ ከሲሊንደሩ ጋር ይጣበቃል። በዚህም የተነሣ ዘይቱን ጠዋት ጠዋት ሳያዩ መነሣት አይገባም።

በቤት የሚሠራ ጥገና

የመጀመሪያው የአየር ማጣሪያው ጽዳት ነው። ስፖንጁን አውጥቶ በነጭ ጋዝ ማጠብ፣ ሳይጠመዝዙ በመዳፍ ጨምቆ ማድረቅ፣ ከዚያም ጥቂት ዘይት አጠጥቶ ትርፉን ጨምቆ ማውጣትና መመለስ ነው። በቤንዚን ማጠብ ለእሳት አደጋ ያጋልጣል። በበጋ፣ በተለይም አቧራ በሚበዛበት መንገድ፣ ይህ በየሳምንቱ ሊደረግ ይገባል። አንዳንድ አሽከርካሪዎች «ሞተሩ ጉልበት አገኘ» በማለት ማጣሪያውን አውጥተው ይነዳሉ። ይህ ታላቅ ስሕተት ነው፤ አቧራው በቀጥታ ገብቶ ፒስተኑን፣ ፋሻውንና ሲሊንደሩን እንደ ሞረድ ይበላቸዋል።

ሁለተኛው ካንዴላውን ማየት ነው። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ካንዴላው ይፈታል። ጫፉ ፈዘዝ ያለ ቡናማ ከሆነ ሞተሩ ጤነኛ ነው። ጥቁርና ደረቅ ጥላሸት ከያዘ ቤንዚን በዝቷል ወይም ማጣሪያው ታፍኗል። ጥቁር ሆኖ በዘይት ከረጠበ የሚቃጠለው ዘይት መብዛቱን ወይም ብልጭታው መድከሙን ያመለክታል። ከነጣ ግን ሞተሩ ከመጠን በላይ ግሏልና ለመካኒክ ሳያሳዩ ረጅም መንገድ መሄድ አያስፈልግም። የተበላሸውን የሚተካ አንድ አዲስ ካንዴላ ሁልጊዜ ከመፍቻው ጋር መያዝ ይገባል።

ሦስተኛው ማርሚታውን መጥረግ ነው። የተቃጠለው ዘይት ጥላሸት ቀስ በቀስ የጭሱን መውጫ ያጠብበዋል። ሞተሩ በሜዳ ደኅና ሄዶ በአቀበት ከደከመ መጠርጠር ያለበት ይህም ጭምር ነው። በማርሚታው ጫፍ ያለውን የውስጥ ቱቦ ፈትቶ ጥላሸቱን መፋቅ ኃይሉን ይመልሳል።

አራተኛው የቤንዚኑ ንጽሕና ነው። በጄሪካን የሚመጣ ቤንዚን ውኃና ቆሻሻ ሊኖረው ስለሚችል በንጹሕ ጨርቅ ተጣርቶ መቀዳት አለበት። ሞተሩ ሲቆም የቤንዚኑን መዝጊያ መዝጋት እንደ ልማድ መያዝ ይኖርበታል።

ከዚህም ሌላ ረጅም ቁልቁለት ሲወርዱ ነዳጅ መስጫውን ጨርሶ ዘግቶ መሄድ ለባለ ሁለት ስትሮክ ሞተር ጎጂ ነው። ዘይቱ የሚደርሰው ከቤንዚኑ ጋር በመሆኑ፣ አልፎ አልፎ ጥቂት ነዳጅ እየሰጡ መውረድ ይገባል።

ፒስተንና ፋሻ መለወጥ፣ የማርሽ ቤት መክፈት፣ ካርቡራተሩን አዲስ ልክ መስጠት ግን የሠለጠነ መካኒክ ሥራ ነው። ያልተማሩትን መፍታት ከብልሽቱ የባሰ ወጪ ያስከትላል።

የመሪዎች ድርሻ

«ሞተር ሳይክሉ የመንግሥት ነው፤ እኛን ምን አገባን?» የሚል መሪ አይጠፋም። ይሁን እንጂ ሞተር ሳይክሉ ሲቆም ባለሙያው ደመወዙን ያገኛል፤ በጉ የሚሞትበት ገበሬው ነው። ስለሆነም መሪዎች ባለሙያው ሲመጣ ስለ ክትባቱ ቀን ብቻ ሳይሆን ሞተሩ መቼ እንደ ታጠበ፣ ዘይቱ መቼ እንደ ተለወጠም ቢጠይቁ ተገቢ ነው። የራሳቸው ሞተር ሳይክል ያላቸው የኅብረት ሥራ ማኅበራት ደግሞ የጥገና ቀኑ የሚጻፍበት አንድ ደብተር ቢያዘጋጁ፣ መፍቻዎቹንም በኃላፊነት የሚይዝ ሰው ቢመድቡ፣ ለካንዴላና ለዘይት የሚሆን ጥቂት ገንዘብ አስቀድመው ቢመድቡ ይጠቀማሉ። በየቀበሌው ብረት የሚቀጠቅጡ፣ ወፍጮ የሚያንቀሳቅሱ እጀ ብልሕ ወጣቶች ስላሉ ከባለሙያው ጎን ሆነው ጥገናውን እንዲማሩ ማድረግም ይቻላል።

በመንዙ ቀበሌ የሆነውም ይህ ነው። ለሁለተኛው ቀጠሮ ባለሙያው ማጣሪያውን አጥቦ፣ ማርሚታውን ጠርጎ፣ የካንዴላ መፍቻውን በመቀመጫው ሥር አስሮ ተነሣ። ጤዛው ሳይረግፍ ደረሰ። ሊቀመንበሩ አስቀድመው የበረዶውን ሣጥን ከፍተው በእጃቸው ዳሰሱ። ከዚያም ወደ እረኞቹ ዞረው «በጎቹን አምጡ» አሉ።